የድርጭቷ አራስ ቤት

[የልብስ ስፌት ክፍል። ጥግ ላይ የስፌት መኪናና በረጅም ገመድ የተንጠለጠለ አምፖል አለ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሽቦ ቤት ተቀምጧል፤ በውስጡ ሁለት ነጫጭ ድርጭቶችና ዛሬ ጠዋት የተፈለፈሉ ጫጩቶቻቸው አሉ። ከሁለቱ እህትማማቾች ታላቅየዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ነጭ ጋዋኗን ተኩሳ ለብሳለች። ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ትልቅ ድንጋይ አቅፋ፣ ጎብጣ ትገባለች።]

አዋላጅ፦ ጠጠር አምጪ አልኩሽ እንጂ ድንጋይ አምጪ አልኩሽ?

ሰፊ፦ ጠጠር ድንጋይ አይደለም እንዴ፣ እትዬ?

አዋላጅ፦ ጠጠር የድንጋይ ልጅ ነው!

ሰፊ፦ እኔ ደግሞ እናትየዋን ይዤልሽ መጣሁ። ምን አጠፋሁ?

አዋላጅ፦ አስቀምጪው! [ድንጋዩ መሬት ላይ ዱብ ይላል] ወይኔ እግሬን! ለመጠጫ ሳህናቸው እኮ ነው ያልኩሽ።

ሰፊ፦ ውሃ ለጠማው ድንጋይ ይሰጣል?

አዋላጅ፦ እስቲ ጫጩቶቹን እያቸው። ምን ያህላሉ?

ሰፊ፦ የካፖርት ቁልፍ። [ጠጋ ብላ] ያኛው እንኳ የሸሚዝ ነው።

አዋላጅ፦ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ፍጥረት ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ይወጣል? ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ደርድረን፣ በመሃል በመሃሉ ብቻ እንዲጠጡ ነው። አለዚያ ይሰምጣሉ።

ሰፊ፦ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ውስጥ?

አዋላጅ፦ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ውስጥ!

ሰፊ፦ [ከንፈሯን እየመጠጠች] ጉድ ነው። ታዲያ ድንጋይ ለቀማ ከምትልኪኝ፣ የካፖርት ቁልፍ አይሆንም? ሙሉ ቆርቆሮ አለኝ።

አዋላጅ፦ [ቅር እያላት] ይሆናል። እኔም እሱን ልልሽ ነበር። ቆይ ቆይ፣ ይሄ ሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ያነጠፍሽው የሚያብረቀርቅ ነገር ምንድን ነው?

ሰፊ፦ ሳቲን! ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ። አራስ አይደለች? ትንሽ ደስ ይበላት ብዬ ነው።

አዋላጅ፦ አንሺው! ያዳልጣቸዋል። እግራቸው ወዲህና ወዲያ ተከፍቶ በዚያው ሽባ ሆነው ይቀራሉ። ሸካራ ነገር አንጥፊ።

ሰፊ፦ ጆንያ?

አዋላጅ፦ የጆንያ ክር እግራቸው ላይ ይጠመጠማል።

ሰፊ፦ ሳቲን ያዳልጣል፣ ጆንያ ይጠመጠማል። እኔ ሙሽሮች አልብሻለሁ፣ እንደነዚህ ያስቸገረኝ ግን የለም። የብርድ ልብስ ቁራጭስ?

አዋላጅ፦ እሱ ደህና ነው። የሽቦውንስ ቀዳዳ አጠበብሽው? ሾልከው እንዳይወጡ ከታች በኩል ሸፍኚ ብዬሽ ነበር።

ሰፊ፦ ሸፍኛለሁ። ዙሪያውን ጨርቅ ወጥሬ፣ ታችኛውን ጠርዝ ዘመዘምኩለት።

አዋላጅ፦ ለሽቦ ቤት ዝምዝማት?

ሰፊ፦ ሳይዘመዘም ከእጄ የወጣ ሥራ የለም። [ጎንበስ ብላ ወደ አንዷ ድርጭት] እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ እመቤት!

አዋላጅ፦ ማንን ነው እንኳን ተገላገልሽ የምትይው? እሱ እኮ አባትየው ነው።

ሰፊ፦ አፉ በለኝ ጌታዬ። [ቀና ብላ] በምን አወቅሽ ግን? ሁለቱም ነጭ ናቸው። ጠዋት ወለሉን ልጠርግ ብዬ ሁለቱንም ሳወጣቸው፣ የታቀፈችው የትኛዋ እንደነበረች ጠፋኝ።

አዋላጅ፦ አንቺ ይጥፋሽ፣ እኔ አለሁ አይደል? እዚህ ሰፈር ከእኔ እጅ ያልወጣ ሰው ማን አለ? ፖስተኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ያ ሰላምታ የሚነፍገን የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳይቀር፣ መጀመሪያ ጀርባውን መታ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አሁን ስሚ። ይቺ ጥግ ይዛ ረጋ ያለችው፣ ወፈር ያለችው፣ እናትየዋ ናት። የወለደች ሴት ይደክማታል።

ሰፊ፦ እሺ።

አዋላጅ፦ ያ ወዲህ ወዲያ የሚንቆራጠጠው፣ ሽቦው ላይ የሚወጣ የሚወርደው፣ እሱ አባት ነው። የማዋለጃ ክፍል በር ላይ እንዲህ ሲንቆራጠጡ ስንቱን አይቻለሁ። አንዱማ ራሱን ስቶ፣ ሚስቱን ትቼ እሱን ሳገላብጥ ነው የዋልኩት።

ሰፊ፦ [በአድናቆት] እንግዲህ ማወቅ ማለት ይሄ ነው። [ድንገት] እትዬ! ያ ትንሹ፣ የሸሚዙ ቁልፍ፣ ጭንቅላቱ ላይ ደም አለ!

አዋላጅ፦ [እየተጣደፈች] የታል? ወይኔ፣ ተነቁሯል። ጠርጥሬ ነበር! ወንድ ድርጭት አንዳንዴ ይጨክናል፤ የገዛ ልጆቹን ይነቁራል። ቤተሰቡን ማዳን ከፈለግን ጊዜ የለንም። አባትየው ይውጣ!

ሰፊ፦ ሳይጠየቅ? ምስክር ሳይቀርብ?

አዋላጅ፦ ደም እያየሽ ምስክር ትያለሽ?

ሰፊ፦ እኛንስ አባታችን ይቆነጥጠን አልነበር? ማን ከቤት አስወጣው?

አዋላጅ፦ እሱን ማን ደፍሮ! ይልቅ ካርቶን አምጪ። የሚተነፍስበት ቀዳዳ ብሺለት።

[ሰፊዋ የክር ካርቶን አምጥታ በመቀስ ትበሳለች። አዋላጇ የሚንቆራጠጠውን ድርጭት ይዛ ካርቶኑ ውስጥ ትከታለች። ከካርቶኑ ውስጥ ቀጭን የማያቋርጥ ጥሪ ይሰማል።]

ሰፊ፦ ሆዴን በላው። ምን እያለ ነው?

አዋላጅ፦ ምን ይላል፣ ጥፋቱን እየካደ ነው።

ሰፊ፦ ጫጩቶቹ ግን ሁሉም ወደ ካርቶኑ በኩል ሄደው ሽቦው ላይ ተለጠፉ። እትዬ፣ የነቆራቸውን ነው እንዲህ የሚፈልጉት?

አዋላጅ፦ ልጅ እንዲህ ነው። አሁን ሲበርዳቸው ተመልሰው እናታቸው ክንፍ ሥር ይገባሉ። [ጥጉ ላይ ወዳለችው ድርጭት ጠጋ ብላ] በይ የኔ እናት፣ ልጆችሽን እቀፊ። አይዞሽ። ክንፍሽን ከፈት። ትከሻሽን ላላ አድርጊው። በአፍንጫሽ አስገቢ፣ በአፍሽ አስወጪ።

ሰፊ፦ ምን እንድታምጥ ነው? ወልዳ ጨርሳለች እኮ!

አዋላጅ፦ የመጀመሪያዋ ስለሆነ አላወቀችበትም። ስንቷን አስተምሬያለሁ። ጎሽ! አየሽ፣ አንዱ ጠጋ አለላት።

[ድርጭቷ የተጠጋውን ጫጩት በምንቃሯ ትመታለች። ጫጩቱ እየጮኸ ይሸሻል።]

ሰፊ፦ ነቆረችው!

አዋላጅ፦ አልነቆረችውም። የእናት ቁንጥጫ ነው። ንቆራ ሌላ፣ ቁንጥጫ ሌላ።

ሰፊ፦ አሁንም ደገመችው! ያኛውንም!

አዋላጅ፦ ሥርዓት እያስያዘች ነው። [ድምጿ እየሟሸሸ] እንደሱ ይመስለኛል።

ሰፊ፦ እትዬ፣ ያ የሸሚዙ ቁልፍ ተኛ። አይነሳም።

[አዋላጇ እጇን አስገብታ ጫጩቱን ታወጣለች። በመዳፏ ውስጥ ይዛ ትንፋሿን እፍ ትልበታለች።]

አዋላጅ፦ ቀዝቅዟል። ልቡ ግን አለች፣ ትመታለች። አምፖሉን ወዲህ አስጠጊልኝ። ቀስ፣ እንዳታቃጥዪው። [ጫጩቱን ወደ አምፖሉ እያስጠጋች] ስንቱን እንዲህ ይዤ ነፍስ ዘርቶልኛል። ታውቂያለሽ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬን አንኳኩቶ «ቶሎ ድረሺ» ያለኝ ሰው የለም። እንቁላሎቹ ጠዋት ሲሰነጠቁ አንቺ «እትዬ ድረሺ!» ብለሽ ስትጮሂ፣ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ለዚህ ነው ጋዋኔን የተኮስኩት። ወፍ መሆናቸው እንኳ ትዝ አላለኝም።

ሰፊ፦ ጎረቤቶችም ጋዋን ለብሰሽ ግቢውን አቋርጠሽ ስትሮጪ አይተው «ማን ወለደ?» ብለው ጠየቁኝ።

አዋላጅ፦ ምን አልሻቸው?

ሰፊ፦ «እኛ ቤት ነው» አልኳቸው።

አዋላጅ፦ እኛ ቤት? ከሁለት አሮጊት ሌላ ሰው የሌለበት ቤት?

ሰፊ፦ እነሱም እንደዚያው ብለው፣ አፋቸውን ይዘው ነው የሄዱት።

አዋላጅ፦ አዋረድሺኝ! አሁን ከማን ደጅ ቆሜ...

[ጥጉ ላይ ያለችው ድርጭት ትነሳለች። አንገቷን አስግጋ፣ ደረቷን ነፍታ፣ በሻካራ ድምፅ ክፍሉን የሚያናጋ ጩኸት ታሰማለች።]

ሰፊ፦ እትዬ። እናትየዋ ምን አለች?

አዋላጅ፦ አራስ አይደለች? ጉሮሮዋ ደርቆ ነው።

[ድርጭቷ አሁንም፣ ከቅድሙ አብልጣ ትጮኻለች።]

ሰፊ፦ ይሄ የደረቀ ጉሮሮ አይመስለኝም። እኔ ጆሮ ውስጥ የገባው አውራ ዶሮ ነው።

አዋላጅ፦ [ድንጋዩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ትቀመጣለች] ሴት ድርጭት እንዲህ አትጮህም።

ሰፊ፦ እና?

አዋላጅ፦ እናትየዋ ወንድ ናት።

ሰፊ፦ ወንድ ናት?

አዋላጅ፦ ነው! ወንድ ነው!

ሰፊ፦ እና ካርቶኑ ውስጥ ያለው አባትየው...

አዋላጅ፦ እናት ነው። ናት! ናት እንጂ! አፌ ራሱ አልታዘዝ አለኝ። ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ካርቶኑን ክፈቺ!

ሰፊ፦ የቱን ላውጣ? አባትየውን ነው እናትየዋን?

አዋላጅ፦ የተከፋችውን! እኔ ይሄን ጎረምሳ ልያዘው። ና አንተ! አራስ መስለህ ጥግ ይዘህ የተቀመጥክ!

[ይቀያይሯቸዋል። እናትየዋ ሽቦ ቤቱ ውስጥ ገብታ ዙሪያዋን ትቃኛለች፤ ለስለስ ባለ ድምፅ ትጠራለች፤ ደረቷን ዝቅ አድርጋ ክንፎቿን ትዘረጋለች። ጫጩቶቹ እየተገፋፉ ሥሯ ይገባሉ። አዋላጇ በመዳፏ የያዘችውን ጫጩት ቀስ ብላ ታወርደዋለች። ይንገዳገዳል፣ በአፍጢሙ ይደፋል፣ ይነሳል። እናትየዋ ክንፏን ከፍ ታደርግለታለች። ይገባል።]

ሰፊ፦ [በሹክሹክታ] ገባ?

አዋላጅ፦ ገባ። [ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ትጠርጋለች] እዪ፣ ማንም «ትከሻሽን ላላ አድርጊው» አላላትም።

ሰፊ፦ አሁን ታለቅሻለሽ?

አዋላጅ፦ አላለቅስም፣ እያፈርኩ ነው። [ወደ ሽቦው ጎንበስ ብላ] ይቅር በይኝ፣ እመቤቴ። ልጆችሽ ሲነኩብሽ ተንቆራጠጥሽ፣ እኔ ወንድ አደረግኩሽ። ጮኸሽ ተጣራሽ፣ ጥፋቱን ካደ አልኩ። ልጆችሽን የሚነቁረው ሰውዬ ፊት ደግሞ ጎንበስ ብዬ... ምን ነበር ያልኩት?

ሰፊ፦ «በአፍንጫሽ አስገቢ፣ በአፍሽ አስወጪ።»

አዋላጅ፦ ኤጭ! ለወንድ ድርጭት ምጥ ያስተማርኩ አዋላጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እሱ እኮ በሆዱ ሲስቅብኝ ነበር።

ሰፊ፦ እኔማ ተንፍሺ ስትዪው የተነፈሰ መስሎኝ ነበር። [ካርቶኑን እያየች] እሱንስ ምን እናድርገው?

አዋላጅ፦ ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው እስኪጠነክሩ ብቻውን ይቆያል። ሰፋ ያለ ቅርጫት፣ ምግብና ውሃ ስጪው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ክፉስ የኔ ምላስ!

ሰፊ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እንዳትቆጪኝ ግን።

አዋላጅ፦ ጠይቂ። ዛሬ የምቆጣበት ፊት የለኝም።

ሰፊ፦ የሰው ልጅ ስታዋልጂስ፣ ወንድ ይሁን ሴት የምታውቂው እስኪጮህ ጠብቀሽ ነበር?

አዋላጅ፦ [ሳቋ ያመልጣታል፤ እናትየዋን እንዳትረብሽ አፏን በእጇ ትይዛለች] ሞኝ! ሰው እኮ ራቁቱን ነው የሚወለደው። እንዴት ይጠፋኛል? እነዚህ ላባ ለብሰው መጡብኝ እንጂ!

ሰፊ፦ እንዴ፣ እትዬ! የልብስ ነገር ከሆነማ እኔን አትጠይቂም ነበር?