ከ«አባንደን» ጀምሮ

ሰው በቃሉ ያጠናውን ነገር ከመሃል መጀመር አይችልም። ካላመናችሁኝ ሞክሩት። አቡነ ዘበሰማያትን በየቀኑ የሚደግም አንድ ጎልማሳ ፈልጉና «ሲሳየነ» ከሚለው ጀምርልኝ በሉት። መጀመሪያ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቀጥሎ በለሆሳስ ከመነሻው ያንደረድራል፤ «ሲሳየነ» ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርግና ገና አሁን የጀመረ ይመስላል። ሌላው ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ የቀረሁት በዚሁ ጠንቅ ስለሆነ ብዙም አያስቀኝም።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በሌላው ትምህርት አልታማም ነበር፤ ያስቸገረኝ እንግሊዝኛ ነው። መምህራችን ማትሪክ ላይ ከባድ ከባድ ቃላት እንደሚመጡ ለሁላችንም ነገሩን። እንግሊዝኛዬ ካልተሻሻለ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ እንደማይበቃ ደግሞ ለብቻዬ ጠርተው ነገሩኝ። እኔም ከትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ሦስት መቶ ያህል ከባድ ቃል በፊደል ተራ ከነትርጉሙ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ቀላሎቹን ለምን ተውካቸው አትሉኝም? የማውቃቸው መስሎኝ ነዋ!

መገልበጡስ ተገለበጠ፣ ማን ያስጠናኝ? ዘመሮ ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን ማስጠናት የሚያውቅ ሰው አንድ ነው፤ የአባቴ አጎት የኔታ ክንፉ። የኔታ ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አይለዩም። ቢሆንም ስንቱን ልጅ ዳዊት አስደግመው ዲያቆን ያደረጉ ሰው ይህ ያቅታቸዋል? የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀመጡና «በል ወዲህ በለው» አሉኝ። እንደ ዳዊቱ በዜማ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዝኩ ለቀቅኩት፦ አባንደን ተወ፣ አቦሊሽ ሻረ፣ አበንዳንት የተትረፈረፈ...

የኔታ አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው። የሳተ ተማሪ ከሳተበት አይቀጥልም። «ከመነሻው!» ይሉና ወደ «አባንደን» ይመልሱኛል። በሳምንቱ ዝርዝሩን ከእኔ በላይ ያዙት። አንድ ቀን ዐይናቸውን እንደጨፈኑ «ትናንት ከ‹አቦሊሽ› በኋላ አንድ ነበረ፤ የት ጣልከው?» አሉኝ። ደብተሬን ባየው፣ እውነትም ዘልያለሁ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ለቃላቸው እንዲህ የሚቆረቆሩ አይመስለኝም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሦስተኛው ጥያቄ «ሪላክታንት» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል። ደስ አለኝ፣ አውቀዋለሁ! ግን የት ነው ያለው? «አር» ላይ። «አር» ጋ እንዴት ይደረሳል? በ«አባንደን» በኩል ነው እንጂ ሌላ መንገድ አላውቅም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እየተወዛወዝኩ ጉዞ ጀመርኩ። «ኤች» ላይ ስደርስ ፈታኙ ከአጠገቤ ቆመና ከማን ጋር ነው የምታወራው አለኝ። የደረስኩበት ቃል ጠፋብኝ። «ቲቸር፣ ከመነሻው አስጀመሩኝ እኮ!» አልኩት ምርር ብዬ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው፤ ጸሎት መሰለውና ቀስ ብለህ ጸልይ ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ስመላለስ ጊዜው አለቀ። በዜማ የሠራኋቸው አሥራ አንድ ጥያቄዎች ናቸው። የቀረውን ሁሉ «ቢ» አጥቁሬ ወጣሁ።

ውጤት ሲመጣ እንግሊዝኛ «ዲ»። ከኋላዬ የተቀመጠችው አስካለ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ ልጅ፣ «ኤ» አመጣች። ራሷ መጥታ አመሰገነችኝ። እኔ «ሪላክታንት»ን ፍለጋ በተመላለስኩ ቁጥር እሷ በመንገዴ ላይ ያለውን ሁሉ ከነትርጉሙ ትለቅም ነበር ለካ። «ደግሞ አንዲትም አልዘለልክም» አለችኝ። በጣም ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ለየኔታ ሄጄ ብነግራቸው ደግሞ ጭራሽ ደስ አላቸው፤ «አየህ፣ ያስጠናሁህ ለሁለት ሰው በቃ!» አሉኝ።

አስካለ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እኔ አናጺ ሆንኩ። እንጨት ደግ ነው፤ ከፈለግክበት በኩል ትጀምረዋለህ። ዓመታት አለፉና አስካለ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ዘመሮ ተመደበች፤ የእኔም ልጅ እሷ ክፍል ደረሰች። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ራሴ የሠራሁት ዴስክ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አስካለ ቀስ ብላ መጣች። ልጅህ ጎበዝ ናት፣ ግን ፈተና ላይ እየተወዛወዘች ታንጎራጉራለች፤ ጊዜው ያልቅባትና ግማሹን ሳትሠራ ትወጣለች፤ ማን ነው ያስጠናት አለችኝ። እኔ ከየኔታ ዘዴ ሌላ የማስጠናበት ምን አውቃለሁ?

ምን ይሻላታል ብዬ ጠየቅኳት። ለእሷ መላ እንፈልጋለን አለችና ሳቋን እንደምንም ዋጥ አደረገች።

«ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ ግን አያሳስብህ፤ ጥሩ አስተማሪ ይወጣዋል።»