አዲስ የማይገዙት አቶ ይሻሻላል

በየቤተሰቡ አዲስ ዕቃ እንዳይገዛ ዘብ የሚቆም አንድ ሰው አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ማዕረጋቸው አቶ ይሻሻላል ነው፤ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ምን ቢሰበር፣ ምን ቢቀደድ፣ ምን ቢጨስ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና "አይጣልም፣ ይሻሻላል" ይላሉ። ቀን የሚሠሩት መድኃኒት ቤት ነው። ጊዜው ያለፈበትን ሽሮፕ "ይሻሻላል" አለማለታቸው ትልቅ ነገር ነው።

ራዲዮናቸው በጎኑ ካልተኛ አይናገርም። ጃንጥላቸው ሲቆጠር ሦስት ጃንጥላ ነው፤ እጀታው የአንዱ፣ ሽቦው የሌላው፣ ጨርቁ ደግሞ የአክስታቸው። አንድ ቀን እኔ ቤት መጥተው ወንበሬ ሲጢጥ ሲል ሰሙና፣ የቀረበላቸውን ሻይ ትተው ወንበሩን ገልብጠው ሲቀጠቅጡት ዋሉ። አሁን ድምፅ የለውም፤ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የተቀመጠበት እንግዳ ሁሉ ሚስጥር ሊያንሾካሹክልኝ የተጠጋኝ ይመስላል።

ይሁን፣ ወንበር ነው። የእህቴ ሳይክል ነገር ግን ሌላ ነው።

ባልና ሚስቱ እሁድ እሁድ ጠዋት በማውንቴን ሳይክል ዳገቱን ይወጡ ነበር። ባለፈው ዓመት ሲመለሱ የእሷ ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ አልይዝ አለና ወደቀች፣ እግሯ ተሰበረ። እግሯ ድኗል፤ ሐኪሙም መንዳት ትችያለሽ ብሏታል። እሷ ግን ያ አሮጌ ሳይክል በቆመበት ኮሪደር ስታልፍ ግድግዳውን ታክካ ነው። ከቤት መውጣት ቀነሰች፣ ሳቋም ጠፋ። እህቴን ያለ ሳቅ አላውቃትም፤ እንዲህ ሆና እንዳትቀር ፈራሁ።

ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? አዲስ ይገዛላታል። እኔም አቶ ይሻሻላልን እየጎተትኩ ሳይክል መሸጫ ወሰድኳቸው። አንድ አረንጓዴ ነበር፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። ደወሉን ደወሉ፣ ፍሬኑን ጨበጡ፣ ጎማውን ጫን ጫን አደረጉ፣ የሻጩን ትዕግሥት ጨረሱና "ቆንጆ ነው" ብለው ወጡ።

"ጋሼ፣ ለእሷ እንኳ?" አልኩ ተናድጄ።

"አዲስ ብገዛላት አዲሱን ትነዳለች። አሮጌውን ግን ዕድሜ ልኳን እንደፈራችው ትኖራለች።"

"እና በዚያ ቁርጥራጭ ብረት?"

"ይሻሻላል።"

እንዲህ ያለ ድርቅና አያድርስ ነው።

በማግሥቱ ሳሎኑ ጋራዥ ሆነ። ዕቃውን ከየት እንደሚያመጡት አልጠየቅኩም፤ ኩርፊያ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ፍሬኑ ተቀየረ፣ ቀጥሎ ጎማው፣ ከዚያ ማርሹ። እህቴ በፊት በፊት መኝታ ቤቷን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። ቆይታ በሩን ገርበብ አደረገችው። አንድ ምሽት ስመጣ ደግሞ አጠገባቸው ተንበርክካ የእጅ ባትሪ ስታበራላቸው አገኘኋት።

"ይሄ ገመድ ላልቷል፣ አጥብቀው" ትላለች።

"እሺ እመቤቴ" ይላሉ።

ፍሬኑን ራሷ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ እያደረገች ትሞክረዋለች። ኩርፊያዬ እዚያው ላይ ላላ።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ሳይክሉን ራሷ እየገፋች ወደ መንገድ አወጣችው። አቶ ይሻሻላል "ልያዝሽ?" አሉ። "ተወኝ" አለችና ወጣችበት። ትንሽ ተወዛወዘች፣ ቀና አለች፣ ሄደች። ከመንገዱ ጥግ ስትደርስ ፍሬኑን ያዘች፤ ቀጥ ብሎ ቆመላት። ዞራ ስትመጣ ያ የማውቀው ሳቅ አብሯት ነበር።

"ምን ትጠብቃለህ? ያንተን አምጣ እንጂ" አለቻቸው።

አቶ ይሻሻላል አቀረቀሩ። የእሳቸው ሳይክል መድኃኒት ቤቱ ጓሮ ነው የሚቆመው ሲሉን አምነን ነበር። እዚያ የቀረው ግን ባዶ ብረቱ ነው። ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ማርሹም እህቴ የተቀመጠችበት ላይ ናቸው።

"አዲስ ፍሬን አይሸጥም እንዴ?" አልኳቸው።

"ይሄ ፍሬን ያንን ቁልቁለት ስንት ጊዜ አውርዶኛል። የማላውቀውን እንዴት እሰጣታለሁ?"

ከዚህ በኋላ በአንቱታ መቀጠል አልችልም፣ አንባቢ ይፍቀድልኝ። ሰውየውን እወደዋለሁ።

እህቴ እንደገና ስትነሳ በእግሩ ሮጦ ተከተላት። ብዙም ሳይርቅ ቁና ቁና እየተነፈሰ ተመለሰና ትከሻዬን ተደገፈ።

"ነገ ያ ሱቅ እንሂድ። ሳይክል ልገዛ ነው።"

"አዲስ? አንተ?"

"የኔን ለመጠገን ጊዜ የለኝም" አለኝ፣ ዳገቱን መውጣት የጀመረችውን ሚስቱን በዓይኑ እየተከተለ። "ጥላኝ ልትሄድ ነው።"