ለጠያቂዎቿ ሳይነገር የዳነች መኪና

በእኛ ሰፈር፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት፣ ሰላምታ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የራስህ ጤና ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የሚስትህ፣ ከዚያ የልጆችህ። አሮጌ መኪና ካለህ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመርልሃል። «እሷስ? ዛሬ ተሻላት?» አንተም እንደ አስታማሚ ቀዝቀዝ ብለህ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትናንት ትንሽ አስሏት ነበር» ትላለህ። ወዲያው መድኃኒት ይታዘዝላታል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው እንኳ ስለ ካንዴላ የሚለው አያጣም። በሰው በሽታና በመኪና በሽታ ሐኪም ያልሆነ አዲስ አበቤ እኔን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እናንተን ካጋጠማችሁ አስተዋውቁኝ።

የእኔዋ ትንሽ ናት። በሯ ሁለት ነው፤ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ይጋፋል፤ ባለቤቴ ሰናይት ዘንቢል ይዛ ከገባች ከሦስታችን አንዱ መውረድ አለበት። ከእኔ በፊት ስንት ጌታ እንዳሳለፈች የምታውቀው እሷው ናት። ልገዛት የሄድኩ ዕለት ሻጩ ሞተሯን አስነስቶ ጠበቀኝ። ሜዳ ለሜዳ አዙሮ አሳየኝ፤ ተፈራርመን ቁልፉን እስኪያስረክበኝ ድረስ አላጠፋትም። እኔ ሞኙ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» ብዬ አመሰገንኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቤቴ ደርሼ አጠፋኋት፤ በማግስቱ ቁልፉን ባዞረው «ጭ» አለች።

ጭ ብቻ።

መካኒኩ አየት አደረጋትና «ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖዋ ሄዷል» አለኝ። በእኛ አገር የመኪና ዕቃ አይሰበርም፤ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ግን ማንም አይነግራችሁም። እኔ መኪናዋ ትንሽ ስለሆነች ዕቃዋም ትንሽ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ለካስ እንዲህ ያለችው መኪና እየጠፋች ስለሆነ ዕቃዋ የሚሸጠው እንደ ቅርስ ነው። ያውም ሞተሪኖውን ከቀየርኩ ባትሪውም መለወጥ እንዳለበት፣ ፍሪሲዮኑ እንደሳሳ፣ ራዲያተሩም የእንጦጦን ዳገት እንደማይችል አከለልኝ። «ደሞዝ ይድረስ» ብዬ ተመለስኩ።

እስከዚያው መግፋት ነው። ከበራችን እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ መንገዱ ሜዳ ነው፤ አፋፉን ካለፈች በቁልቁለቱ ኃይል ትነሳለች። የመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ስታገል ኦቦ ገመዳ ደረሱልኝ። ኦቦ ገመዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ገብስ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የዚያው ኮንዶሚኒየም ጥበቃ ናቸው። ከአዳር ተራቸው ሲመለሱ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ትከሻቸውን ሰጧት። መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችረው እትዬ ጽጌ ገበያዋን ጥላ መጣች። እየቆየ ሰፈሩ በሙሉ ለመደ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔና ሰናይት ለሥራ ከክፍለ ሀገር የመጣን ተከራዮች ነን። መኪናዋ እስክትመጣ ድረስ በሰፈሩ ስሜ «ሰውዬው» ነበር። ስሜን ያወቁት፣ እድር ያስገቡኝ፣ ሰናይት ስትወልድ ገንፎ ይዘው የመጡልን እሷን ሲገፉ ተዋውቀን ነው። ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ታዲያ ከስንት ደሞዝ በኋላ ገንዘቡም ሞላ፣ ሞተሪኖውም ተገኘ። ሰኞ ጠዋት ገፊዎቼ እጃቸውን እያሻሹ ወጡ። እኔ ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሳች። በኩራት ጥሩንባ ነፍቼ አልፌያቸው ሄድኩ። በመስታወት ሳያቸው እጃቸውን የሚያሳርፉበት ያጡ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰላምታው አጠረ። ከመስኮት ውጭ እጅ ይነሳል፣ እኔም አነሳለሁ፣ አለቀ። እትዬ ጽጌ ሽንኩርት ስትመዝንልኝ ምርቃት መጨመር ተወች። ሰናይት አንድ ቀን ልጃችንን እያባበለች፣ «መኪናችን ስትታመም ጎረቤት ነበረን» አለችኝ። ከፋኝ። ኦቦ ገመዳን መንገድ ላይ አስቁሜ ምን አጥፍቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ዳነች አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ ዳነች።»

«ሰው ታሞ የጠየቁት ሰዎች ሲድን አይነገራቸውም? ስንት ጠዋት ተሸክመናታል! እኛ የሰማነው በጥሩንባ ነው።»

መካኒኩ ስለ ፍሪሲዮኑና ስለ ራዲያተሩ አስጠንቅቆኛል፤ ስለዚህኛው ብልሽት ግን ማንም አልነገረኝም።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት መሪው ላይ ተቀምጬ አንገቴን በመስኮት አወጣሁና፣ «ኧረ ጎረቤት፣ አገረሸባት!» ብዬ ተጣራሁ።

ምን ልበላችሁ፣ በሮች ተከፈቱ። እትዬ ጽጌ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች፣ «እኔስ ብዬ ነበር፣ እንዲህ በቶሎ አትድንም!» እያለች ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ሞተሪኖው ላይ መዓት ወረደ፣ መካኒኩ ተረገመ፣ እኔ «አይዞህ» ተባልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ገፉ። ኦቦ ገመዳ በእኔ በኩል በሩን ይዘው እየገፉ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ትናንት ወደ ሥራ ስወርድ በቁልፍ ስታስነሳት አይቼሃለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ደነገጥኩ። እሳቸው ግን መግፋታቸውን አላቆሙም።

«ቶሌ፣ እሺ፣ ዝም ብለህ ንዳ። በየቀኑ ግን እንዳታሳምማት፤ ሰኞ ሰኞ ይበቃናል።»