እትዬ ለጸሎት ያላወሩት ወሬ

ምእመናን በሚሰበሰቡበት ቤት ሁሉ አንዲት እሳቸውን የመሰሉ ሴት አይጠፉም። ኅብረቱ ሰብሳቢ ሊያጣ ይችላል፤ ጊታር የሚመታ ሊያጣ ይችላል፤ የሻዩ ስኳር የሚያልቅበት ቀንም አለ። እሳቸው ግን አይታጡም። ድምፃቸውን ዝቅ፣ ወንበራቸውን ጠጋ፣ ዓይናቸውን ወደ በሩ ጣል አድርገው፣ «ለጸሎት ነው የምነግርሽ እንጂ ወሬ አይደለም» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው።

የዚህ ኅብረት ባለ ሥልጣን እትዬ ለጸሎት ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ሥራቸው መጋረጃ መስፋት ነው። ለእንዲህ ያለ ጥሪ ከዚህ የተሻለ ሙያ አልተፈጠረም። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው መስኮት ሊለኩ ይገባሉ፤ ሲወጡ የመስኮቱን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ወርድና ቁመት ይዘው ነው። ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ምግብ አልበላ አለች፣ በየትኛው ቤት ሶፋ ላይ የባልየው ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ሁሉም በሜትሩ ይለካል።

ከኅብረቱ አባላት አንዱ የሆነው ሾፌሩ አይወዳቸውም ነበር። እሱ የፋብሪካ ሠራተኞችን በሰርቪስ አውቶቡስ የሚያመላልስ፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ነዳጅ ተቆጥቦ የሆነ ሰው ነው።

«ሬዲዮ እንኳ ባትሪ ይጨርሳል» ይላል ለሚስቱ። «እሳቸው በምን እንደሚሠሩ አይታወቅም።»

«በጸጋ ነው» ትለዋለች።

ማስረጃ ሞልቶታል። የኅብረቱ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ቀን ጥርሳቸውን አሟቸው ይህንኑ ለእትዬ ለጸሎት ነገሩ፤ ማለትም ተሳሳቱ። ጥርሱ ወሬው በስልክ በተላለፈ ቁጥር እያበጠ መንጋጋ ሆነ፤ መንጋጋውም ሊቆረጥ ነው ተባለ። መምህሩ ጥርሳቸውን አስነቅለው፣ ጥጥ ነክሰው ቤታቸው ሲገቡ ሳሎኑ በምእመናን ሞልቶ ስለ ሰማያዊው ቤት ይዘመራል። አፋቸው በጥጥ ተይዟልና «ደህና ነኝ» ማለት አልቻሉም። እጃቸውን ቢያወናጭፉ፣ «አይዞዎት መምህር፣ አይናገሩ፣ ገብቶናል» ተባሉ።

የዘማሪዋም ነገር አለ። ልጅቷ ስለ አንድ ወንድም በልቧ ጥያቄ እንዳለ ሹክ አለቻቸው። ወንድምየው ጉዳዩን የሰማው ስለ ትዳሩ ሲጸለይ፣ እዚያው ከጸሎቱ መካከል ነው። ዓይኑን ገልጦ መውጫውን ሲፈልግ ያየው አለ። ደግሞ ተጋቡ። «ይኸው» ይላሉ እትዬ ለጸሎት እስከ ዛሬ ድረስ፣ «ወሬ ቢሆን ኖሮ ይጋቡ ነበር?»

እርግጥ ሾፌሩ በሒሳብ የማያስገባቸው ነገሮችም ነበሩ። የአንዲት መበለት ጣሪያ በነፋስ የተነሳ ለት፣ ዝናቡ ሳያባራ ቆርቆሮና መሰላል ተሸክመው የደረሱት ወንድሞች ነገሩን በራእይ አልነበረም የሰሙት።

ጌታ ይቅር ይበለውና፣ ሾፌሩ እሳቸውን የሚሸሽበት የራሱ ምክንያት ነበረው። ዓይኑ እየከዳው ነበር። መጀመሪያ ፊደሎቹ ጭጋግ ለበሱ። ቀጥሎ፣ ሲመሻሽ ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት እንደ አበባ እየፈነዳ መንገዱን ይሸፍንበት ጀመር። አባቱ በእሱ ዕድሜ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በሰው እጅ እየተመሩ ኖረው ነው ያረፉት። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ አልሄደም፤ ሐኪሙ የሚለውን አስቀድሞ የሚያውቀው መሰለው። መሪውን ቢለቅማ ቤቱ በምን ሊቆም? ዝም አለ። ለሚስቱም ጭምር ዝም አለ።

በኅብረቱ ግን ቅዳሜ ከሰዓት የዕለቱ ምዕራፍ በየተራ ነው የሚነበበው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቁጥር። ሾፌሩ መላ አበጀ። በሳምንቱ መካከል ሚስቱ ልብስ ተኩሳ ስትጨርስ አጠገቧ ይቀመጥና «እስቲ የቅዳሜውን ምዕራፍ አንብቢልኝ» ይላል። «ድገሚልኝ። አሁንም ድገሚልኝ።» እንዲህ እንዲህ እያለ በቃሉ ይይዘዋል። ቅዳሜ መጽሐፉን ገልጦ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ያለው ሰው ሲያቆም ቀጣዩን ቁጥር አንድ ቃል ሳይስት ይወጣዋል።

ሚስቱ በደስታ ክንፍ አወጣች። «ባሌ የቃሉ ሰው ሆነ» ብላ ለእህቶች መሰከረች። ዓይኑ በደከመ ቁጥር መንፈሳዊነቱ እየገነነ ሄዶ፣ ለሽማግሌነት ስሙ መነሳት ጀመረ። ሰውየው እየታወረ ወደ ሹመት ይጓዛል።

አንድ ቀን ግን የፋብሪካውን በር ምሰሶ በአውቶቡሱ ጎን ላጠው።

«ሹፌር፣ ምሰሶው ነው አይደል የገባብህ?» ብለው ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከኋላው ስንት ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ይዞ እንደሚስቅ እሱና ፈጣሪው ብቻ ያውቃሉ።

አንድ ቅዳሜ የአውቶቡሱ ጎማ ተንፍሶበት ወደ ኅብረቱ ዘግይቶ መጣ። ሳሎኑ ሞልቷል። የቀረችው ወንበር ከእትዬ ለጸሎት አጠገብ ያለችው ብቻ ናት፤ ያቺ ወንበር ሁልጊዜ ለምን እንደምትቀር ሁሉም ያውቃል። ገና ከመቀመጡ መምህሩ «በሰዓትህ ደረስክ፤ ተራው ያንተ ነው፣ ቀጥል» አሉት። ሾፌሩ ላቡን ጠርጎ መጽሐፉን በልበ ሙሉነት ገለጠና ጀመረ።

«ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?»

የትኛው ቁጥር ላይ እንደ ደረሱ አያውቅም፤ የሚያስቆመውም አላገኘ። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ወረደው። ሲጨርስ ሰዉ ሁሉ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ያየዋል። ለካ እሱ ሳይመጣ መምህሩ የዕለቱን ክፍል ለውጠውት ኖሯል። ሁሉም ያሉት ገላትያ ላይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም በሚለው ቦታ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሜን» አሉ። «እኛ በገላትያ ሜዳ ስንሄድ መንፈስ ቅዱስ ወንድማችንን በተራራው መንገድ መራው።»

«አሜን» አለ ቤቱ በሙሉ። አንዲት እህት እንባዋን ጠረገች።

አሜን ያላሉት እትዬ ለጸሎት ብቻ ነበሩ። እሳቸው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው የሾፌሩን መጽሐፍ ያያሉ። የተገለጠው መዝሙር አይደለም፤ ገላትያም አይደለም። ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ካርታ ነው። የሾፌሩ ጣትም ከባሕሩ መካከል ቆሟል።

ኅብረቱ ሲበተን ደረጃው ላይ እጅጌውን ያዙት።

«ከጀመረህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ምኑ?»

«ዓይንህ ነዋ።»

«መነጽሬን ረስቼው ነው፣ እትዬ።»

«አንተ መነጽር የለህም። እኔ ያልሰማሁት መነጽር በዚህ ሰፈር የለም።»

ሾፌሩ ደረጃውን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። ማንም የለም። «እትዬ፣ ይህ ነገር ከወጣ እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው» አለ። «እባክዎን ለጸሎት እንዳያደርጉት።»

እትዬ ለጸሎት ብዙ ሰው ሲለምናቸው ኖሯል፤ እንዲህ ተብለው ግን ተለምነው አያውቁም። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ።

«ስማኝ ልጄ። ሰኞ ያንን መሪ ከነካህ ለጸሎት አቀርብሃለሁ። በስምህ። ለዚህ ኅብረት ብቻ እንዳይመስልህ፣ በየኅብረቱ ነው። ለመዘምራኑም እነግራለሁ።»

ከዚህ የከፋ ማስፈራሪያ በዚያ ማኅበር ውስጥ አልነበረም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን የገባው ፍርዱን ሊሰማ እንደ መጣ ሰው ነው። የዞረ ፊት ሁሉ የሚያውቅበት መሰለው። አንዱ ወንድም ትከሻውን ይዞ «ሰማሁ እኮ» አለው። «ልጅህ ፈተናውን አለፈች አሉ፤ እትዬ ነገሩን።» ሌላዋ እህት ጠጋ ብላ ስለ መምህሩ ወገብ አዋየችው፤ ለጸሎት። ስለ ዓይን ማንም ምንም አላለም። ሾፌሩ ነገሩ ግራ ገባው፤ ወይ ገና አልጀመሩም፣ ወይ ተአምር ነው።

ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ከዚያ አንድ መላ ይገኛል እያለ ራሱን ሲያታልል፣ እትዬ ለጸሎት በሩ አጠገብ ቆመው አገኛቸው። ትንሽ ራቅ ብለው ሜትራቸውን ዘረጉና ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ስንት ላይ ነው?»

ሾፌሩ ዓይኑን አጠበበ። «ሰማንያ።»

«ቁጥር የሌለበትን ጎኑን ነው ያሳየሁህ» አሉ፤ አልሳቁምም።

በዚያው ቅጽበት ሠራተኞቹ መሳፈር ጀመሩ። አንዲት ወጣት የምሳ ዕቃዋን በደረቷ አቅፋ «እንደምን አደርክ ሹፌር» እያለች በአጠገቡ አለፈች። ድምፅዋን አወቀው፤ ፊቷ ግን ጭጋግ ነው። ያኔ ቁልፉ በእጁ ከበደው። ቀጥ ብሎ ወደ ስምሪት ክፍል ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ዓይኔ አልሆነልኝም» አለ።

የስምሪት ኃላፊው ቁልፉን ሳበና በረጅሙ ተነፈሰ። «ምሰሶውን ካየሁ ወዲህ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ ጨንቆኝ ነበር» አለው። «ታክመህ ና። ወንበርህ ይጠብቅሃል።» ሌላ ሾፌርም ተጠራ። እንዲያ የፈራው ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮውም አስቀድሞ ተይዟል። «የዓይን ክሊኒኩን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ለጸሎት፣ «የጨለማ ክፍላቸውን ጭምር።» ሐኪሟ በመብራት ሲመረምሩት፣ ሾፌሩ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፎ እንደ እስረኛ ይጠብቃል።

«አባቴ...» ብሎ ጀመረ።

«የአባትዎን አላውቅም» አሉ ሐኪሟ። «የእርስዎ የዓይን ሞራ ነው። መስኮቱ ደህና ነው፤ የቆሸሸው መጋረጃው ነው። ይገፈፋል።»

«ከተገፈፈ በኋላስ?»

«ያያሉ።»

ሾፌሩ ለመሳቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በደረቱ የቆመ ድንጋይ እንዲህ በአንድ ቃል ይነሳል ብሎ አላሰበም። ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ እትዬ ለጸሎት አግዳሚው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ነገራቸው።

«መጋረጃ ከሆነማ ድሮም በእኔ በኩል ነበር ማለፍ የነበረበት» አሉ።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለማን ተናገሩ?»

«ለአንድ ብቻ።»

ሾፌሩ ደነገጠ። «ለማን?»

ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። «እሱ እንደ እኔ አይደለም፣ አያወራም።»

ማታ ለሚስቱ ሁሉንም አወጣላት። ካውያዋን አስቀመጠች። «እና ያ ሁሉ አንብቢልኝ...?»

«በቃሌ መያዜ እኮ እውነት ነው» አለ።

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ሳቋ ቀደማት። «ሽማግሌ ሊያደርጉህ ነበር እኮ» አለችና እጁን ይዛ አለቀሰች።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። ሾፌሩ ወደ ኅብረቱ የተመለሰ ቅዳሜ፣ በፈቃዱ ከእትዬ ለጸሎት አጠገብ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ እዚህም እዚያም እየተደነቃቀፈ አነበበ። መምህሩ «ወንድማችን ዛሬ ደክሞታል መሰለኝ» አሉ። ደክሞት አልነበረም፤ ፊደሎቹ ጥቁርና ጥርት ብለው ሲቆሙ እያንዳንዳቸውን ሰላም ሳይል ማለፍ አልሆነለትም።

ዞር ብሎ እትዬ ለጸሎትን አያቸው። ስፌት ላይ ሲቀመጡ መርፌ በአፋቸው እንደሚይዙት ሁሉ ከንፈራቸውን ገጥመዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል። ለካ ያን ሁሉ ሳምንት እንዲህ ነው የከረሙት። እሳቸው ዝም በማለት ምን ያህል እንደ ተሠቃዩ ያን ጊዜ ገባው። ለእሱ ሲባል ማንም ይህን ያህል ጾሞለት አያውቅም።

«እትዬ፣ አሁን ይናገሩ» አላቸው።

«ልናገር?»

«ይናገሩ።»

ደረጃው ላይ እንኳ አልደረሱም። ስልካቸውን አውጥተው፣ «ሄሎ፣ እህቴ... አይ፣ ዛሬስ ለጸሎት አይደለም» አሉ። «ለምስጋና ነው የምነግርሽ።»

ሾፌሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ አውቶቡሱን ፋብሪካው በር ላይ አቁሞ ሠራተኞች ሲጠብቅ፣ አንዲት የማያውቃት ሴት በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ይቅርታ፣ ከእናትዎ ማኅፀን ጀምሮ ማየት የተሳንዎት ሾፌር እርስዎ ነዎት?»

ከማኅፀን ጀምሮ ማየት የተሳነው ሰው መንጃ ፈቃድ እንዴት እንዳወጣ ሊጠይቃት አሰበ። ከዚያ ተወው። ኮቷ ላይ አንድ ቁልፍ እንደ ጎደለ አየ፤ ከቦታው ተነቅሎ የቀረውን ክር ሳይቀር አየ። ምሰሶው ላይ የተላጠው ቀለም እዚያው አለ። ሠራተኞቹ ለመውጣት ገና ናቸው።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና በመስኮቱ ጠጋ አለ።

«ከማኅፀን እንኳ አይደለም» አለ። «ግን እኔ ሳላይ ያዩልኝ አንዲት እናት አሉ። ለምስጋና ነው የምነግርዎት...»