ከነትሪያንግሌ የቀረሁባት ኩርባ

ዛሬ ሚኒባስ ጥሎኝ ሄደ። አርፍጄ መስሏችሁ? ከተሳፈርኩ፣ ወንበሬን ከያዝኩና ግማሽ መንገድ ከተጓዝኩ በኋላ ነው የጣለኝ!

ሳቁ፤ ግዴለም። እኔ ግን አልጸጸትም።

በአርባ ዓመቴ በርቀት የምማር ሴት ነኝ። ከሰዓት ስምንት ላይ ደብረ ታቦር የመጨረሻ ፈተና ነበረኝ።

መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ እንደ ልማዴ ከመኪናው ኋላ ቆሜ ሾፌሩን "ወንድሜ፣ እስቲ ፍሬን ርገጥልኝ" አልኩት። አዎ፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነኝ።

ረገጠ። የመኪናው ኋላ በቀይና በሰማያዊ ብልጭ ድርግም ሲል የሰርግ አዳራሽ መሰለ! ዲኮር መብራት ለጥፎበታል። ዋናዎቹ የፍሬን መብራቶች ግን ሁለቱም ሞተዋል።

የፍሬን መብራት ቀይና የማይብለጨለጭ መሆን እንዳለበት አስረዳሁት። ሰማያዊ ብልጭታ የፖሊስና የአምቡላንስ መሆኑንም ጨመርኩለት።

"እህቴ፣ ይሄን እንኳን ከኋላዬ ያለ፣ ደብረ ታቦር ያለ ሰውም ያየዋል።"

ተሳፋሪው ሳቀ። ሌላ መኪና አልነበረም። ፈተና አለብኝ። ገባሁ።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ያውም ኩርባ እንዳለፍን!

ሾፌሩ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከመኪናው ኋላ ጣል አደረገ። ምልክት መሆኑ ነው። ከኩርባው ወዲያ የሚመጣ መኪና ቅጠሉን የሚያየው እኛን ከገጨ በኋላ ነው እኮ!

እኔ ደግሞ የሚያንጸባርቅ የማስጠንቀቂያ ትሪያንግል ይዤ ነው የምጓዘው። ምን ያስቃል? እናንተ ፓወር ባንክ ትይዙ የለ?

የፈተና ካርዴ ያለበትን ቦርሳ ወንበሬ ላይ ትቼ፣ ኩርባውን ዞሬ ትሪያንግሉን አቆምኩ። ነፋስ ጣለው። አነሳሁት፤ ደግሞ ጣለው። በመጨረሻ በእጄ ይዤው ቆምኩ።

ጎማው ተቀየረ። ሚኒባሱ ሄደ። ከነካርዴ!

"አንዲት ሴት ጎድላለች" ያለ የለም። ጠዋት ያን ያህል ነዝንዣቸው፣ አፌን ስዘጋ ረሱኝ።

ጭድ የጫነ አይሱዙ ትሪያንግሉን ከሩቅ አይቶ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። ይሠራል ማለት ነው! ከላይ ጭዱ ላይ አሳፈረኝ።

ትንሽ እንደሄድን ሚኒባሱን ትራፊክ ፖሊስ አስቁማዋለች። ትሪያንግል አሳይ ብላዋለች። ሾፌሩ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ይኸው! ትሪያንግላችን መጣ!"

ፖሊሷ የመኪናው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቄስ በሚኒባሱ መስኮት ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ አዎ በያትና እንሂድ።"

ሁሉም አፍጥጦብኛል። ሰዓቴም እየሄደ ነው።

"የእኔ ነው" አልኩ። ገልብጬ አሳየኋት፤ ስሜ እስከ አያቴ በማርከር ተጽፎበታል። "የፍሬን መብራቱንም ይመልከቱልኝ።"

ከሚኒባሱ የተሰማውን ማጉረምረም አልጽፈውም። ቦርሳዬን አውርጄ ወደ ጭዴ ተመለስኩ።

ፈተናው ሊጀመር ሲል ጭድ በፀጉሬ፣ ትሪያንግል በብብቴ ይዤ ደረስኩ። ፈታኙ ካርዴን አየ፣ ትሪያንግሉን አየ።

"ይሄኛው ለየትኛው ትምህርት ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ተፈተንኩ!

ከዛሬ ምን ተማርኩ? ትሪያንግሌን አንድ አይሱዙ ከሩቅ አየው፤ እኔን ግን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እንኳ አላየኝም። እንግዲህ ለራሴም የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልገዛ ነው።

ነገ ስመለስም ከመኪናው ኋላ እቆማለሁ። ፍሬን የሚረግጥልኝ ሾፌር አለ?