ማግኔት የናቀው ዘንግ

«ማግኔት ይስበዋል?»

«አይስበውም ጌታዬ፤ ግን ይሸከማል።»

«ማግኔት የናቀውን እኛ እንዴት እናክብረው?»

ይህን የአንድ ሥራ አስኪያጅና የአንድ መሐንዲስ ወግ የሰማሁት ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መተላለፊያ ላይ ወረፋ ስጠብቅ ነው። ግማሹ ከልቤ ጠፍቷል፤ ፍጻሜው ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጠፋም።

የመዝገብ ቤቱን ጣሪያ የተሸከመው አግዳሚ የኮንክሪት ቢም ተሰንጥቆ ነበር። ከሥሩ የተቀመጠችው ሠራተኛ ጠዋት አማትባ ትገባለች፤ ማታ አመስግና ትወጣለች። መሥሪያ ቤቱ ይህን የመንፈሳዊ ሕይወት እድገት በአድናቆት ሲከታተል ከርሞ፣ በመጨረሻ መሐንዲስ ጠራ።

መሐንዲሱ ከፋይበርና ከሙጫ የተሠሩ ዘንጎች አመጣ። ሐሳቡ የቢሙን ሆድ በቀጭኑ ሰርስሮ፣ ዘንጎቹን እዚያ ቀብሮ በማጣበቂያ መድፈን ነው። ከብረት ይቀላሉ፤ ዝገት አያውቃቸውም፤ ጉልበታቸውም ጉድ ነው።

ዳሩ ግን ቤት የሚቆመው በመመሪያ ነው። መመሪያው «ማንኛውም ቢም ውስጥ የሚገባ ነገር በማግኔት ይፈተሻል» ይላል። ማግኔታቸውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ከደረት ኪሳቸው የማይለዩት የንብረት ክፍል ኃላፊ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። አንዱም አልተሳበ።

«ይሄ ብረት አይደለም!»

«አዎ፣ አይደለም» አለ መሐንዲሱ።

«በገዛ አፉ አመነ! ቃሉ ይመዝገብልኝ።»

ዘንጎቹ መጋዘን ተቆለፈባቸው። እስከዚያው ቢሙ እንዳይወርድ አንድ ወፍራም ግንድ ከሥሩ ተተከለ። የሠራተኛዋም ማማተብ ቀነሰ።

በመጨረሻ መሐንዲሱ ትዕግሥቱ አለቀና ሥራ አስኪያጁንም ኃላፊውንም መዝገብ ቤት ድረስ ይዟቸው መጣ። ማግኔቱን ተቀብሎ ግንዱ ላይ ለጠፈው። ማግኔቱ ዷ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይኸው ጌታዬ! አሁን ቢሙን ተሸክሞ ያለው ማን ነው? ይሄ ግንድ! ማግኔት ሳበው?»

ሥራ አስኪያጁ ማግኔቱን አዩ፤ ግንዱን አዩ፤ ፊታቸው በራ።

«እውነትህን ነው ልጄ። እስከ ዛሬ እንዴት ሳናየው ቀረን?»

«እኮ!»

«መመሪያ አንዱን ልጅ፣ አንዱን የእንጀራ ልጅ አያደርግም።»

«እኮ ጌታዬ!»

ሠራተኛዋ ግን አለቃዋን ታውቃቸዋለች። ወንበሯን አንስታ በሩ ጋ ደርሳለች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ፀሐይ ልሞቅ፣ ጌታዬ።»

ሥራ አስኪያጁም ከኃላፊው ጋር ተጨባብጠው፣ ፈተናውን የወደቀው ግንድ ከምሳ በፊት እንዲነቀል ተስማሙ።