ጋሼ ከዛሬ-ጀምሮ እና አራተኛው ቀን

ቡና ለመተው የሚታገል ሰው የሌለበት የሥራ ቦታ የለም። የለም እኛ ጋ የሚል ካለ፣ ገና ሠራተኛ አልቀጠሩም ማለት ነው። ይህን ሰው ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ቡና የሚጠጣ ሰው ዝም ብሎ ይጠጣል። ቡና የሚተው ሰው ግን ሊተው ሲል ያወራል፣ ትቶ ያወራል፣ መልሶ ሲጀምር ደግሞ ለምን እንደጀመረ ያወራል። በዝምታ ቡና የተወ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

የእኛው ክቡርነታቸው ጋሼ ከዛሬ-ጀምሮ ይባላሉ። በሰዓት መጠገኛ ሱቃችን ዋናው ሰዓት ሠሪ እሳቸው ናቸው፣ ሁለተኛው እኔ ነኝ። የሱቁ ባለቤት እትዬ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ደንበኛ ይቀበላሉ፣ በዚያውም ሁለታችንን ይጠብቃሉ። ጋሼ እናታቸው ያወጡላቸው ስም መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን "ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ!" ሲሉ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሰማናቸው ሌላው ስም አፋችን ላይ አልመጣ ብሏል።

ሥነ ሥርዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባሉ፣ ካፖርታቸውን ይሰቅላሉ፣ ስኒያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያስገባሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ።

"ስሙኝማ! ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የአንዲት ፍሬ ተላላኪ ልሁን?"

እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ "ይሁና" ይላሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ምሳ ድረስ "ራሴን አመመኝ" ብሎ ይተኛል። ጋሼ ግን ሰዓት ሠሪ ናቸውና እንዲህ ያለ የደፈና አነጋገር አይወዱም። "ስድስት ሰዓት ከሃያ፤ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ተነሣ" ይላሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "ሰባት ሰዓት ከአምስት፤ ማጅራቴ ደረሰ። ካለፈው በአሥር ደቂቃ ቀድሟል።" ይህንንም ሁሉ በአንድ አሮጌ የጥገና መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል። የደንበኛ ሰዓት በምንመዘግብበት መልክ፣ የገባበት ሰዓት፣ የታየው ጉድለት፣ የተደረገለት ጥገና የሚሉ ዓምዶች አሉት። የተደረገለት ከሚለው ሥር "ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ግንባር ላይ"፣ "ውሃ፣ ሁለት ብርጭቆ"፣ አንዴ ደግሞ "እንቅልፍ፣ ወንበር ላይ፣ እትዬ እስኪያዩ" የሚል አንብቤያለሁ።

በአሥራ አንደኛው ሙከራ ሁለተኛ ቀን ተአምር የሚመስል ነገር ሆነ። ጋሼ ከፋርማሲ ያመጡትን የራስ ምታት ክኒን ዋጥ አድርገው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊታቸው ፈካ። እያፏጩ ሦስት የእጅ ሰዓት ጠገኑ። "አየህ አንተ፣ ዋናው ነገር ቆራጥነት ነው!" አሉኝ። አመሻሹ ላይ አንድ ጨመሩ፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ደገሙ። እኔ ምቀኛው የክኒኑን ወረቀት አነሣሁና አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ደቃቁን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ "ካፌይን" ይላል። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ አላስቻለኝም። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው በራሳቸው አጉሊ መነጽር ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ቡና ስቆረጥም ነው የከረምኩት" አሉ። ያን ሳምንት አላናገሩኝም።

በአሥራ አራተኛው ሙከራ ጥፋቱ የሰዓቶቹ ሆነ። ግድግዳችን ላይ ሠላሳ ስድስት ሰዓት ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኛ ለምደነው አንሰማውም። ጋሼ ግን "እያንዳንዱ በመዶሻ ነው የሚመታኝ" አሉና፣ እትዬ ምሳ እንደወጡ ወንበር ላይ ቆመው አንድ በአንድ ፀጥ አሰኟቸው። እትዬ ተመልሰው ተቀመጡ። አንድ ደንበኛ ገብቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቃቸው። ወደ ግድግዳው አየት አድርገው "ሰባት ከአርባ" አሉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ደንበኛ ጠየቃቸው። "ሰባት ከአርባ።" ሦስተኛው ሲጠይቃቸው ነው ነገሩ የገባቸው።

"ጋሼ! ሁለተኛ በዚህ ሱቅ አንዲት ሰዓት ቢያቆሙ እርስዎም ሥራዎን አብረው ያቆማሉ!"

አሥራ ስድስተኛው ላይ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ቡና የያዘ የወረቀት ኩባያ ይዛ መጣች። የሰዓቷ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር። ኩባያዋን ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ክዳኑም ክፍት ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጋሼ ማሰሪያውን ሰክተው ነቀሉት፣ ነቅለው ሰኩት፣ በየመሐሉም በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ። ሴትዮዋ እንዲህ የሚጠነቀቅ ባለሙያ አይታ እንደማታውቅ ለእትዬ ነግራ ሄደች።

የጋሼ ባለቤትም በእነዚያ ቀናት ወደ ሱቁ መደወል ልማዳቸው ነው። "ዛሬ ስንተኛው ነው?" ይሉኛል። "ሁለተኛ ቀን ነው" እላቸዋለሁ። "እንግዲያው እኔ እህቴ ጋ አመሻለሁ፤ ቁልፉ የተለመደው ቦታ ነው በልልኝ የኔ ልጅ።"

መጨረሻውም ያው ነው። ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ብድግ ይላሉ። "ትንሽ ነፋስ ልቀበል" ይላሉ። ነፋሱ የሚነፍሰው ከመንገዱ ማዶ፣ ቡና ሻጯ በር ላይ ብቻ ነው። ሲመለሱ ግንባራቸው ተፈትቷል፣ ድምፃቸው ለስልሷል። ሳንጠይቃቸው "ለሥራው ብዬ ነው" ይላሉ። ሥራው እንዳይበደል ሲሉ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሠውተዋል። መዝገቡ ውስጥም አሥራ ዘጠኝ ጊዜ "አራተኛ ቀን" የሚል ርእስ ተጽፏል፣ ከሥሩ ግን አንድም ቃል የለም። እኔም በዚህ ሁሉ ስስቅባቸው ኖሬያለሁ፤ ስስቅም ስኒዬ በእጄ ነበር።

ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ብሎን ከወረንጦዬ ላይ እየዘለለ ይጠፋኝ ነበር። ከዓይን ሽፋሽፍት ያነሰች ብሎን ፍለጋ በጉልበቴ መሬት ለመሬት ስሄድ መዋል አመጣሁ። ቀጥሎ የአንዲት ደንበኛ ትንሽዬ የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችውን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ አጣመምኩባት። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በቀን ስንት ስኒ ቡና እንደምጠጣ ጠየቀኝ። ሰባት አልኩት። ጻፈና መልሶ አየኝ።

"ልብህ ከልክ በላይ ይሮጣል፣ እጅህም እሱን ተከትሎ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቀስ እያልክ ቀንሰህ ተወው።"

እትዬ ሲሰሙ አንድ ሣጥን ባትሪ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። "እጅህ እስኪረጋ ባትሪ ቀይር" አሉኝ። "ካልረጋስ?" አልኳቸው። ባትሪዎቹን መደርደር ጀመሩ። "ያኔ እንነጋገራለን።" አሥራ ስድስት ዓመት ሰዓት ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ፈራሁ። ባትሪ ስቀይር ዋልኩ፣ እሱንም ሁለቴ ገልብጬ ከተትኩት።

ጋሼ ይህን ሁሉ ከጎኔ ሆነው ሰምተዋል። የሐኪሙን ምክር ስነግራቸው ግን ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ቀስ በቀስ? ቀስ በቀስ ማለት በየቀኑ መሰናበት ነው። ቁርጥ ነው እንጂ!"

አሁን ሳስበው ልክ የነበረው ሐኪሙ ነው። ግን ሐኪሙ ጠረጴዛዬ አጠገብ አልነበረም፤ ጋሼ ነበሩ። ሰኞ ጠዋት የእኔንም የእሳቸውንም ስኒ በየራሳቸው ጋዜጣ ጠቀለሉና መሳቢያ መሳቢያችን ውስጥ ከተቱልን። "ከዛሬ ጀምሮ፣ አብረን!" አሉ። እትዬ ይህን ጊዜ "ይሁና" አላሉም፤ እጄን ነበር የሚያዩት።

መዝገቡን ፊቴ ዘረጉልኝ። "ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከዓይንህ ጀርባ ይመጣል። ስትጠብቀው ይሻላል፤ ድንገት የመጣ ነው የሚያስደነግጠው" አሉ። መጣ፤ አምስት ደቂቃ ብቻ ዘገየ። ማጅራቴ መቼ እንደሚያዝ፣ ሆዴ መቼ እንደሚገለበጥ፣ ያለ ምክንያት በሰው የምቆጣበት ሰዓት ስንት እንደሆነ ሁሉ ተጽፏል። የምቆጣበት ሰዓት ሲደርስ ጋሼ ወንበራቸውን አቅርበው "በል አሁን እኔን ተቆጣኝ፤ ደንበኛ ይተርፋል" አሉኝ። ተቆጣኋቸው። በጥሞና አዳመጡና ትክክለኛውን ደቂቃ መዘገቡልኝ።

ማክሰኞ ናላዬ ዞረ። ጭንቅላቴን በሰዓት መወልወያ ቢጫ ጨርቅ አስሬ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ፣ ሠላሳ ስድስቱ ሰዓቶች አንድ በአንድ ሲመቱኝ ነበር። ጋሼ ያን ጊዜ መዶሻ ያሏቸው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቀጥሎ ድምፁ እየሳሳ መጣ። ቀና ስል ጋሼ ወንበር ላይ ቆመዋል፤ የራሳቸውም ፊት አመድ መስሏል። የመጨረሻዋን እንዳስቆሙ እትዬ ከምሳ ገቡ። ጋሼ ከወንበሩ ሳይወርዱ፣ "እኔ ነኝ። የእኔ ራስ ነው የታመመው፤ ልጁን እንዳይናገሩት" አሉ።

እትዬ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከክንዳቸው ላይ ሰዓታቸውን ፈትተው፣ ደንበኛ ቢጠይቅ እንዲያዩት ጠረጴዛቸው ላይ አጋደሙት።

ረቡዕ እትዬ ዕቃ ሊያመጡ ወጥተው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፉና ቁልፉን ሰጡኝ።

"ያዘው። እኔ ብጠይቅህ አትስጠኝ። አንተ ብትጠይቀኝ ደግሞ እኔ ጋ የለም።"

ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ቁልፉ እኔው ኪስ ውስጥ ነው፤ ማንም ሊያስቆመኝ አይችልም ነበር። ባትሪ መቀየርም ሥራ ነው፣ ሰው ስንት ነገር ይሠራል እያልኩ ለራሴ ስነግረው ነበር። ጋሼ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

"አሥር ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ከዚያ በላይ አልጠይቅህም።"

ሰጠኋቸው። አሥሩ ሲሞላ ሌላ አሥር ለመኑኝ። አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ እያደረጉልኝ፣ ስለ መጀመሪያ ሰዓታቸው፣ ስለ ባለቤታቸው እህት ቂም፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ እያወሩልኝ፣ አሥር አሥር ደቂቃ እየለመኑኝ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ራስ ምታቴን ጠበቅኩት። አልመጣም። ደግሜ ጠበቅኩት፤ ቀረ። ልብሴን እንዴት እንደለበስኩ አላውቅም፣ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

ጋሼ ቀድመውኝ ገብተዋል። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። የመሳቢያቸው ጋዜጣ ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ስኒዋ ከመብራቱ ጀርባ ተደብቃለች። ያላየሁ መሰልኩ። እሳቸውም መዝገቡን "አራተኛ ቀን" ከሚለው ገጽ ላይ ገልጠው፣ እስክሪብቶ ይዘው ነበር የሚጠብቁኝ።

"በል ንገረኝ። እዚያ ምን አለ?"

ነገርኳቸው። የመስኮቱ ብርሃን ዓይን እንደማይወጋ፣ ሰዓቶቹ አንድ ላይ ሳይሆን እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንደሚሰሙ፣ ጠዋት ውሃ እንደጣመኝ ነገርኳቸው። አንድም አላስቀሩ፣ ሁሉንም ጻፉ። ከዚያ ያቺን ሞላዋን ያጣመምኩባትን ትንሽዬ ሰዓት ከመሳቢያቸው አወጡ። አዲስ ሞላ አስመጥተው፣ ሳይነኩ አስቀምጠውልኝ ነበር። ወረንጦውን አቀበሉኝ። እጄ መጀመሪያ ትንሽ ንቅንቅ አለች፣ ከዚያ ረጋች። ሞላዋ ቦታዋ ገባች። ሰዓቷ መምታት ስትጀምር ጋሼ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። እትዬ ከመስኮታቸው ተነሥተው መጡና የባትሪውን ሣጥን ከጠረጴዛዬ ላይ ይዘው ተመለሱ።

"እርስዎስ ጋሼ?" አልኩ።

"እኔማ ትናንት አንተን እንደሸኘሁ ወደ ማዶ ተሻገርኩ" አሉ። ወደ ስኒዋ አላዩም። "እኔ የማውቀው መንገድ እስከ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አገሩን አላውቀውም። እስከማውቀው ድረስ ሸኘሁህ።" መዝገቡን አጥፈው፣ "ደግሞም ለሥራው ብዬ ነው" አሉ።

አንጀቴን በሉት። ሰዓቷን ስወለውል ቆየሁ።

ባለፈው ሰኞ ጋሼ ገቡ፣ ካፖርታቸውን ሰቀሉ፣ ስኒያቸውን በጋዜጣ ጠቀለሉ። "ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ!" አሉ። እኔ አልሳቅኩም። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ነፋስ ሊቀበሉ ብድግ ሲሉ በሩን ተደግፌ ቆሜ አገኙኝ።

"አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው።